ክብሪት ይዤ ወደ ሐርጌሳ

ሐርጌሳ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የጎረቤት ሴቶች «እንዴት ነው አገሩ?» ይሉኛል። «ደህና ነው» እላለሁ። ከዚያ በላይ ብናገር ወሬው ከእኔ ቀድሞ እስከ ገንደ ቆሬ ሰፈር ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የእኔ መሆኑ ይቀራል። ጽፌ ካስቀመጥኩት ቢያንስ እኔ ባልኩት ቃል ይቆያል። ሐርጌሳን ለማታዩት መንገዱንም ምግቡንም እነግራችኋለሁ። ሌላውን የምጽፈው ግን ስለ እኔ ሲወራ የኖረው ነገር ውሸት መሆኑን እንድታውቁ ነው።

የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። ልጄ ነጃት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። አባቷ ሲሞት እኅቱ ሩቅያ «ሐርጌሳ ጥሩ ሐኪም አለ» ብላ ወሰደቻት፤ ነጃትም እዚያው ከአክስቷ ጋር ጨርቅ እየሸጠች ቀረች። ሩቅያ ያደገችው ድሬዳዋ፣ እኛው ሰፈር ነው። አማርኛዋ ከእኔ አያንስም፤ ምላሷ ደግሞ ይበልጣል። የነጃት መድኃኒት ተቀየረ፣ ተጨመረ፣ ተደረበ፤ በሽታው ግን አልሰማ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ የጭንቅላት ኤም አር አይ እንድትነሣ አዘዘ። ተነሣች። ውጤቱን ለመስማት ለማክሰኞ ተቀጠረች። «እማዬ፣ አንቺም ብትኖሪ» አለችኝ በስልክ። ነጃት እኔን የምትለምን ልጅ አይደለችም።

የፈራሁት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ነጃት ገና ድክ ድክ ስትል ትኩሳት ያዛትና መንቀጥቀጥ ጀመረች። አልቆም አለ። ባሌ ጋሪ ፍለጋ ወጣ። እኔ እናቶቻችን እንዳሳዩን ክብሪት እየጫርኩ፣ እያጠፋሁ፣ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር እይዝላት ጀመር። ጋሪው ሲመጣ የክብሪቱ ቀፎ ባዶ ነበር። ሩቅያ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ነጃት አፍ ስትፈታ ደግሞ፣ በሽታው ሊጥላት ሲል «ክብሪት ሸተተኝ» ማለት አመጣች። ሩቅያ ይህን ሰማችና ፈረደች፦ «ጭሱ አንጎሏ ገብቷል። ያቃጠለቻት እናቷ ናት።» በሰው ሠርግ ላይ አለችው። በባሌ ልቅሶ ላይ፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ አለችው። ባሌ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን «ተይ» አላላትም። ለእኔ ያለኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

እና አሁን ማሽን የልጄን አንጎል አይቶ ጨርሷል። ሩቅያ እውነቷን ቢሆንስ?

ቅዳሜ

ከድሬ በጠዋት ተነሣን። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሐረር ስንደርስ ተከፈተ። ባቢሌን እንዳለፍን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩና ረዳቱ አንዱ አንዱን እየሰደበ ወርዶ ክሪክ ሲፈልግ፣ መንገድ ዳር ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት የራሷን በርጩማ አምጥታ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ተነሺ፣ ያንቺ ነው» ብላት «እኔን ድንጋዩ ያውቀኛል» አለችኝ። የቆላችውን ትኩስ ኦቾሎኒ እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ፤ በድሬ ጣቢያ የሚሸጡልን የከረመ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ መጣ። ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቷል።

«ማዘር፣ ክብሪት ይኖርሻል?»

«የለኝም» አልኩት።

ነበረኝ። ያ ክብሪት ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ሲያረጅ በሌላ እተካዋለሁ፤ ሲርስብኝ አደርቀዋለሁ። ነጃት ከእኔ ጋር ሳለች እንዳላጣው ብዬ የጀመርኩት ነው፤ ከሄደች በኋላም አላወጣሁትም። እናቴ ያሳየችኝን ነገር በሩቅያ ምላስ ምክንያት አልተውም ብዬ ነበር። የሲጋራ ማቀጣጠያ ግን አይደለም።

ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማ አበደረንና ጅግጅጋ ሲመሽ ገባን። እዚያው አደርኩ፤ ጉልበቴ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ፔንሲዮኑ ንጹሕ ነበር። እራት ሩዝ በፍየል ሥጋ አመጡልኝና ከጎኑ ሙዝ አስቀመጡ። ሙዙን ለኋላ ብዬ ሳቆየው አስተናጋጇ ሳቀችብኝ። የሶማሌ ሚስት ሆኜ ኖሬ ሙዝ ከሩዝ ጋር አልበላም፤ ባሌም ይህን ለምዶት ነበር።

እሑድ

ቶጎ ውጫሌ ድንበሩ ላይ እኛ ዘንድ ማኅተም፣ እነሱ ዘንድ ማኅተም። መሐሉን በእግር ይሻገሩታል። ዕቃ የሚገፋው ሰው ቦርሳዬን በጋሪው ጭኖ እየሮጠ ሄዶ የማላውቀው መኪና ላይ ጫነልኝ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጮህኩ። ዓይኗ ብቻ የሚታይ አንዲት ሴት ልብሷን ሰብስባ ሮጣ የመኪናውን መስኮት በጡጫ ደበደበችና አስቆመችው። ቦርሳዬን አውርዳ ስትሰጠኝ ፊቷን እንኳ ሳላይ ሄደች። ድሬ ብሆን ኖሮ ቆመን ስለ ቦርሳው ግማሽ ቀን እናወራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው መኪና ጉድ ነው። መሪው በስተቀኝ ነው፤ የሚነዱትም በመንገዱ ቀኝ ነው። እኔ የተቀመጥኩት እኛ አገር ሾፌር በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ መሪ ግን የለኝም። ከፊት የሚመጣውን መኪና ቀድሜ የማየው እኔ ስለሆንኩ ሾፌሩ ሊቀድም ሲያስብ በአገጩ ይጠይቀኛል። ሶማልኛውን አላጣውም፤ «ቆይ» እለዋለሁ፣ ይቆያል፤ «ሂድ» ስለው ይሄዳል። ገቢሌን አልፈን ሐርጌሳ እስክንገባ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ስወርድ «እናቴ፣ ሥራ ከፈለግሽ ነይ» አለኝ።

«ሶማሌ አገር ነው፣ ይሞቃል» ብዬ ስስ ድሪያ ቀሚስ ብቻ ነበር የያዝኩት። ሐርጌሳ ደጋ ነች ማለት ይቀለኛል፤ ንፋሷ አቧራና ብርድ ይዞ ነው የሚመጣ። በደረቁ ወንዝ ላይ ስናልፍ የድሬው ደቻቱ ትዝ አለኝ፤ ግን በደቻቱ ዳር ማንም ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም።

ሩቅያ ጋኣን ሊባሕ በሚባለው ሰፈር ቤት አላት። እዚያ እንዳላድር ከድሬ ሳልነሣ ወስኜ ነበር። ነጃት ጅግጅጋ ያር በሚባል ሌላ የሐርጌሳ ሰፈር ከአንዲት የባቲ ሴት ዘንድ ክፍል ያዘችልኝ። ስሟ ዘሃራ ነው፤ ከፊት ትንሽ ምግብ ቤት፣ ከኋላ የሚከራዩ ክፍሎች አሏት። የገባሁ ዕለት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምታ የራሷን ብርድ ልብስ ከአልጋዋ ገፍፋ መጣች።

«እትዬ፣ ይቺ ድሪያሽ እዚህ ወንፊት ነች። ድሬን ይዘሽብን መጣሽ እንዴ?»

ነጃት ደግሞ በፌስታል ወፍራም ሹራብ አመጣችልኝ።

«የማን ነው?»

«የኤዶ ሩቅያ።» ኤዶ ማለት በሶማልኛ የአባት እኅት ናት።

«አልበረደኝም» አልኩ። ዘሃራ ከበሩ ላይ ሆና «አብሽሪ ነጃት፣ ጥርሷ ነው የሚጫወተው» አለቻት። ልጄ ሳቀች። ሳቋን ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው። ከስታለች። ግንባሯ ላይ የማላውቀው አዲስ ጠባሳ አለ፤ ወድቃ ይሆናል፤ አልጠየቅኩም።

ሰኞ

ጠዋት ዘሃራ ላሆህ በቅቤና በስኳር አቀረበችልኝ። የእኛን እንጀራ ይመስላል፤ አነስ ብሎ ጣፈጥ ይላል። ሻዩ ወተትና ቅመም የበዛበት ነው። ሁለት ጠጣሁ፤ ስለበረደኝ እንጂ ስለጣመኝ አይደለም ብያታለሁ።

ወደ ዋሄን ገበያ በእግር ገባን። ገንዘብ መንዛሪዎች ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ተሻግሮት ያልፋል እንጂ አይነካውም። ከዚያ ውጭ የድሬውን የመጋላ ገበያ ጩኸት የምታውቁ ከሆነ ዋሄንን አታጡትም።

የሩቅያ ሱቅ ጠባብ ነው፤ የጨርቅ ጣቃ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ስታየኝ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና።»

«ሹራቡ አልሆነሽም?»

«ሞቆኛል።»

የተነጋገርነው ይህ ብቻ ነው። ነጃት በመካከላችን ተቀምጣ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ስትለካ እጇ በመሐል ቆመ።

«እማዬ» አለች። «ሸተተኝ።»

ወዲያው ዓይኗ እያየን ማየት አቆመ። ከንፈሯ የሌለ ነገር ያኝክ ጀመር፤ ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ይቆነጥራሉ። ከዚያ ወደቀች። ሩቅያ ከማን ጋር እንደምትኖር ታውቃለች፤ ከመውደቋ በፊት ጣቃውን በእግሯ ገፍታ ስፍራ አዘጋጅታ ነበር። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ቁርአን መቅራት ጀመሩ። አንዲት ሴት ከላስቲክ ውሃ ረጨችባት። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ክብሪቱን ይዞ ወጣ፤ እኔ አላዘዝኩትም።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ሩቅያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በአማርኛ። «ያን ነገር ከዚህ አጥፊው!»

«ልጄ ናት።»

«ያቃጠልሽው አይበቃሽም? ነገ ሐኪሙ ያሳይሻል። አንጎሏ ላይ ጠቁሮ ታዪዋለሽ።»

መልስ አላጣሁም። ለዓመታት ያከማቸሁት መልስ አለኝ። ግን ነጃት መሬት ላይ ናት፤ ሩቅያም ነገ ጠቁሮ ይታያል ያለችውን እኔም ማታ ማታ ሳስበው የኖርኩት ነው። ክብሪቱን መልሼ ከተትኩ።

ነጃት ያለ ክብሪት ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው፦ «ስንት ሰው አየኝ?»

ሩቅያ የተሰበሰበውን ሰው በእጇ እየበተነች «ማንም አላየሽ፤ ጨርቅ ሊገዙ ነው የቆሙት» አለቻት። ለአንዲቱ ሴትም እውነት እንዲመስል አንድ ጣቃ ዘርግታ ዋጋ ነገረቻት። ይህን ለሩቅያ እመሰክርላታለሁ። ሌላ ብዙ የምመሰክርላት የለኝም።

ማክሰኞ

ሦስታችንም ገባን። ሩቅያ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ነበር፤ ለፍርድ ቤት የሚለበስ ዓይነት። ሐኪሙ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ የሐርጌሳ ልጅ ሲሆን አማርኛው ጥርት ያለ ነው። እንደዚህ ዓይነት ልጆች ማብራራት ይወዳሉ። ከእሱ በፊት ያገኘኋቸው ግን አያብራሩም ነበር። አንዱ በነጃት ፊት «መድኃኒቱን ትጥለዋለች እንጂ ብትውጠው ይሻላት ነበር» ብሎኝ ያውቃል። የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር ደግሞ፣ እኔም የሙያ ባልደረባው ሆኜ ሳለ፣ «ወደሌሎቹ ልጆች ይጋባል» ብሎ አሰናበታት። ሁለቱም አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ያንብቡት።

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። የልጄ አንጎል ግራጫ ሆኖ፣ የተቆረጠ የአበባ ጎመን መስሎ ይታያል። ዓይኔ ጥቁር ነገር ፈለገ። ጥቁር በጥቁር ነው፤ የቱ ጤና የቱ በሽታ እንደሆነ አላውቅም።

«እናቴ፣ ይህን እዩልኝ» አለ። «በሁለቱም በኩል፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ለማስታወስ የሚጠቅመን ነው። በዚህ በኩል ያለው ሞላ ያለ ነው፤ አያችሁ? በዚህኛው በኩል ግን ተኮማትሯል። ሥጋው ጠንክሯል። ጠባሳ ነው።»

ሩቅያ ከወንበሯ ተነሣች። «ጠባሳ! አላልኩም? ጠባሳ ከእሳት ነው!»

ነጃት እጄን ያዘችኝ። እኔ እጇን መያዝ ሲገባኝ እሷ ያዘችኝ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «የምን እሳት?»

ሩቅያ ነገረችው፤ ክብሪቱን፣ ጭሱን፣ ሽታውን፣ አንዱን ሳታስቀር። ያን ሁሉ ዘመን ስታወራው ሰምቻታለሁ፤ እንደዚያ ቀን አሳምራ አውርታው አታውቅም። ሐኪሙ አልሳቀም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ መጀመሪያ የታመመች ቀን ትኩሳት ነበራት?»

«እንደ እሳት ታቃጥል ነበር።»

«መንቀጥቀጡ ቶሎ ለቀቃት?»

«ጋሪ እስኪገኝ፣ ሆስፒታል እስክንደርስ አልለቀቃትም።»

ራሱን ነቀነቀ። «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። ግን ብዙ ጊዜ የምናየው እንዲህ ነው። ሕፃን በትኩሳት ለረዥም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ይህ ክፍል ይጎዳል። ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ስፍራው ይኮማተራል። ዓመታት አልፈው ከዚያው ከጠባሳው በሽታው ይነሣል። ክብሪት አይደለም። ጭስ በአፍንጫ ገብቶ ወደ ሳንባ ነው የሚወርደው፤ ወደ አንጎል መንገድ የለውም።»

«ሽታውስ?» አለች ሩቅያ። «ክብሪት ሸተተኝ ትላለች እኮ! ከየት አመጣችው?»

«ከዚሁ።» ጣቱን ያቺው የተኮማተረች ስፍራ ላይ አሳረፈ። «ሽታን የምናውቅበት የአንጎል ክፍል ለዚህ ጎረቤቱ ነው። በሽታው ከዚህ ሲነሣ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። ቤቱ ውስጥ ምንም የሚሸት ሳይኖር ይሸታታል። ሽታው የበሽታው መጀመሪያ ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም።»

ከዚያ እኔ መጠየቅ የሚያስፈልገውን ጠየቅኩ፤ «ያድጋል?»

«አያድግም። ዕጢ አይደለም። የድሮ ጠባሳ ነው።»

አልሃምዱሊላህ ያልኩት ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ሐኪሙ ቀና አለ። ነጃት ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ወላሂ አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«አውቃለሁ። ደምሽን ለክተናል፤ መድኃኒቱ አለ። በደንብ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልሠሩ ሦስተኛው ይሠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ጠባሳ ሲኖር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ይህን የሰማች ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እስከዚያች ደቂቃ የእኔን ክስ ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሷም የራሷን ተሸክማ ኖራለች።

ከዚያ ስለ ቀዶ ሕክምና ነገረን። ለአንዳንድ ሰው ያችን የተጎዳች ክፍል ማውጣት በሽታውን ያቆመዋል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። እዚህ አይሠራም፤ ሌላ አገር ሄዳ፣ ማስታወሷ ተመርምሮ፣ ሌላም ብዙ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ነጃት «አስብበታለሁ» አለች። እኔና ሩቅያ እኩል አፋችንን ከፈትን፤ እኩል ዘጋን። የእሷ ጭንቅላት ነው።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ጠራኝ። «እናቴ፣ ክብሪቱ ግን አይጠቅምም። ከእንግዲህ በጎኗ አስተኝቶ እስኪለቃት መጠበቅ ነው። አፏ ውስጥም ምንም አይገባም። ካልለቀቃት ወደ ሐኪም።»

ነፃ ያወጣኝ ሰው በዚያው አፉ ሥራዬ ከንቱ ነበር አለኝ። ተቀበልኩት። ከንቱ መሆን ከአቃጣይ መሆን ይሻላል።

በደጅ ሩቅያ ለታክሲ እጇን ዘረጋች። አላየችኝም። «ልጁ ገና ወጣት ነው» አለች ለአየሩ። ይቅርታ ከእሷ አልጠበቅኩም፤ ስላልጠበቅኩ አልቀረብኝም። ያን ቀን ማታ ግን ዘሃራ ያቀረበችልኝን ሩዝ ከነሙዙ በላሁት። «ኧረ እትዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለች። እንቅልፌም የድንጋይ እንቅልፍ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ነጃት መጣች። «ኤዶ ምሳ እኛ ጋ ነው ብላለች።»

«እኔን ነው?»

«ሌላ እናት አለችኝ እንዴ?»

ዘሃራ ጎመን እየከተፈች «ሂጂ እትዬ፤ ካልጣመሽ እኔ ጋ ተመለሽ፣ ድስቴን አልከድንም» አለች።

ጋኣን ሊባሕ ከጅግጅጋ ያር ጸጥ ያለ ነው። የሩቅያ ቤት ንጹሕ ነው፤ ያን አልክድም፤ ከእኔም ቤት ይነጻል። ነጃት እዚያ ከገባች ጀምሮ በዚያ ቤት ክብሪት ገብቶ አያውቅም። ልጅቷ እንዳይሸታት ብላ ሩቅያ ምድጃውን የምትለኩሰው በላይተር ነው፤ ጎረቤት እንኳ ክብሪት ይዞ ደጇን አይረግጥም። ይህን ከዚህ በፊት ነጃት ነግራኝ፣ ለእኔ የተሠራ ስድብ ነው ብዬ ይዤው ነበር። ስድብም ነበር።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ብርዱ ከወለሉ ይነሣል። ሩቅያ ሩዙን አጥባ፣ ሥጋውን ከትፋ፣ ድስቱን ቡታጋዙ ላይ ጥዳለች። ላይተሩ ከጎኗ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልተበላሸም፤ ሻይ ያፈላችልኝ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በእሱ ነው።

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«ክብሪትሽን ወዲህ በይ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። ሳታመነታ ጫረችው። ነጃት ከሳሎን ሮጣ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ሊጥለኝ ነው ብላ መሆን አለበት። ከዚያ ቆመች። አሸተተች። ጠጋ ብላ ደግማ አሸተተች።

«ይሄ ነው ክብሪት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ሩቅያ።

«ይሄ አይደለም።»

«ምኑ?»

«የእኔ ይሄ አይደለም፣ ኤዶ። የእኔ... እንደ ተቃጠለ ጎማ ነው። ፀጉር ሲቃጠል እንደሚሸተው። እሱም አይደለም። ስም የለውም።»

«ክብሪት ትይ የነበርሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

«ልጅ ነበርኩ። ሌላ የጭስ ስም መቼ አውቅ ነበር? ከዚያ ሁላችሁም ክብሪት ክብሪት ስትሉ እኔም ክብሪት ነው አልኩ።»

እሳቱ የሩቅያ ጣት ላይ ደርሶ ጣለችው። ሌላ ጫረች። «ደህና አድርገሽ አሽትቺ።» ነጃት አሸተተች፤ ራሷን ነቀነቀች። ሦስተኛውን እኔ ጫርኩት፤ ሁለቴ ከሸፈብኝ። «ባለሙያዋ የምትባለው ይቺ ናት?» አለች ሩቅያ። ነጃት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ እኔ ተጋባ፤ ሩቅያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ሌላ አላየሁም። ወጥ ቤቱ በክብሪት ጭስ ሞላ፤ ልጄ መሐሉ ላይ ደህና ሆና ቆማለች፤ ድስቱ ሥር ያለው ምድጃ ገና አልተለኮሰም።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አለች ሩቅያ፣ ወደ መስኮቱ። ሌላ አልጨመረችም። ዓረፍተ ነገሩን እኔ በብዙ ዓይነት ልጨርስላት እችል ነበር። ተውኩት። ከበር ኋላ ያንን ሹራብ አወረደችና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው፤ ሰው ፎጣ እንደሚሰቅል። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር።

ሐሙስ

ነጃትና ዘሃራ መኪና ተራ ድረስ ሸኙኝ። ዘሃራ ላሆህ በጋዜጣ ጠቅልላ ጨመረችልኝ። ሩቅያ አልመጣችም፤ ሱቅ አይዘጋም። «ለቀዶ ሕክምናው ሌላ አገር የሚኬድ ከሆነ እኔ እወስዳታለሁ፤ የአንቺ ጉልበት አይችልም ብላሻለች» አለችኝ ነጃት። «ጉልበቴን ማን ጠየቃት?» አልኩ። ነጃት ሳመችኝ።

ውጫሌ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን በረበረ። ሹራቡን አውጥቶ ዘረጋውና ትኬቴን አየ፤ ወደ ድሬዳዋ። «ድሬ ሹራብ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። «እኔም አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አሁን ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ድሬ ስገባ ጨልሟል፤ መብራትም ጠፍቷል። ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ። በሩን በዳሰሳ ከፈትኩና እንደ ልማዴ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዳበስኩ። የለም። ለካ ሐርጌሳ፣ የሩቅያ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከጨው ማሰሮው አጠገብ ትቼው መጥቻለሁ።

የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ክብሪት ይኖርሻል?»

በጨለማው ውስጥ ፊቴን ለማየት ጠጋ አለች። «አንቺ ነሽ? አንቺ ክብሪት አጥተሽ?»

«አጥቻለሁ» አልኳት። «አበድሪኝ።»